የካፕላን አምስት መስመሮችና የጋዜጣ ርዕሰ አንቀጽ

አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ሮበርት ካፕላን በ1966 እ.ኤ.አ. «ላንጉዌጅ ለርኒንግ» በተባለው መጽሔት ያወጣው ጽሑፍ 20 ገጽ ገደማ ነው። ባህል በድርሰት አደረጃጀት ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ ይመረምራል። ከገጾቹ ሁሉ ግን በአንባቢ ትዝታ ውስጥ የቀሩት አምስት ትንንሽ ሥዕሎች ናቸው። እንግሊዝኛ በቀጥታ መስመር ይወርዳል፤ ሴማዊ ቋንቋዎች በትይዩ መስመሮች ይመላለሳሉ፤ የሩቅ ምሥራቆቹ እየተጠማዘዙ ወደ መሐል ይገባሉ፤ እነ ፈረንሳይኛና ስፓኒሽ፣ ሩሲያኛም በየፊናው፣ ከመንገድ ወጣ ገባ ይላሉ። በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ጸሐፊና ቋንቋውን በትምህርት ያገኘ ጸሐፊ የጋዜጣ ርዕሰ አንቀጽን ሐሳብ እንዴት እንደሚያያይዙ የሚጠይቅ ሰው ዛሬም እነዚህን ሥዕሎች ማለፍ አይችልም። አማርኛም ከሴማዊ ቋንቋዎች ስለሚመደብ ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል።

የጽሑፉ ውለታ መካድ የለበትም። በዚያ ዘመን እንግሊዝኛን ለውጭ አገር ተማሪ ማስተማር በአመዛኙ የዓረፍተ ነገር ሰዋስው ማስተማር ነበር። ካፕላን ግን ዓረፍተ ነገሮቹ ሁሉ ትክክል የሆኑለት ተማሪ ድርሰቱ «መስመር የለውም» ተብሎ ለምን እንደሚመለስለት ጠየቀ። መልሱም አንቀጽ ማደራጀት እንደ ማንኛውም ልማድ ከማኅበረሰብ የሚወረስ ነው የሚል ነበር። የእንግሊዝኛው ስልት ከሌሎቹ የተለየ እንጂ የሚበልጥ ወይም የሚያንስ እንዳልሆነም ገልጿል። ሥዕሉ ግን ከቃሉ ይበልጥ ተናጋሪ ሆነ፤ አንዱን ቀጥ፣ ሌላውን ጠማማ አድርጎ የሣለ ሰው አላበላለጥሁም ቢል የሚያምነው ጥቂት ነው።

ዋናው ድክመት ከማስረጃው ይጀምራል። ካፕላን የተመረኮዘው 600 ገደማ በሆኑ የውጭ አገር ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ድርሰቶች ላይ ነው። ጀማሪ በሁለተኛ ቋንቋ ሲጽፍ የሚያሳየው መንገዳገድ የባህሉ አሻራ ነው ወይስ የልምድ ማነስ? ይህን ለመለየት ያው ሰው በገዛ ቋንቋው ሲጽፍ ማየት፣ በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ጀማሪንም መመልከት ያስፈልግ ነበር።

ሁለተኛው ድክመት ቋንቋን በዘር ሐረጉ መፈረጁ ነው። ለሴማውያን የሰጠው ትይዩ መስመር ከመጽሐፍ ቅዱስ የእንግሊዝኛ ትርጉምና ከዓረብኛ ተናጋሪ ተማሪ ድርሰት የተወሰደ ነው። ግዕዝ ሐረጎቹን በ«ወ» እየቀጠለ ሲሄድ ለዚህ ሥዕል ይቀርብ ይሆናል። አማርኛ ግን ከዚያው ወገን ሆኖ ሳለ «ሰምቶ፣ ተነሥቶ፣ ተማክሮ» እያለ ድርጊቶቹን ከደረደረ በኋላ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ያኖራል። ሁለት የቅርብ ዘመዳሞች በዓረፍተ ነገር ደረጃ እንኳ ይህን ያህል ከተራራቁ፣ የቋንቋ ቤተሰብን የአስተሳሰብ መለኪያ ማድረግ የሚያዛልቅ አይደለም። ካፕላን ራሱ በ1987 እ.ኤ.አ. ወደ ጉዳዩ ተመልሶ ቀድሞ አጋንኖት እንደነበር አምኗል።

ጥናቱን ወደ ጋዜጣ ያቀረበው የቋንቋ ምሁሩ ጆን ሃይንድስ ነው። «አሳሂ ሺምቡን» የተባለው የጃፓን ጋዜጣ በፊት ገጹ የሚያወጣውን «ቴንሴይ ጂንጎ» የተሰኘ አምድ መርምሮ አራት እርከን አሳየ፦ መነሻ፣ ማዳበሪያ፣ ድንገተኛ መታጠፊያ፣ መደምደሚያ። ሦስተኛው እርከን ለእንግሊዝኛ አንባቢ ሐሳቡ የተበጠሰ ያስመስለዋል። ሃይንድስ ቀጥሎም በእንግሊዝኛ ሐሳብን የማገናኘቱ ኃላፊነት የጸሐፊው፣ በጃፓንኛ ደግሞ ይበልጡን የአንባቢው ነው አለ። ሐሳቡ ከካፕላን መስመሮች የተሻለ ነው፤ አንባቢን ወደ ጉዳዩ አስገብቷልና። እሱም ቢሆን ግን የአንድን አምድ ስልት ለቋንቋው ሁሉ መስጠቱ አስተችቶታል።

አንባቢ ወደ ጉዳዩ ከገባ ዘንድ፣ አያያዥ ቃላትን መቁጠር ብቻውን ሩቅ አያስኬድም። የቋንቋ ምሁራኑ ሃሊዴይና ሃሰን በ1976 እ.ኤ.አ. ዓረፍተ ነገሮች በተውላጠ ስም፣ በመተካት፣ በመግደፍ፣ በአያያዥና በቃላት ዝምድና እንደሚተሳሰሩ በዝርዝር አሳይተዋል። ተመራማሪዋ ፓትሪሻ ካረል ግን በ1982 እ.ኤ.አ. እነዚህ ማሰሪያዎች በራሳቸው የሐሳብ አንድነት እንደማይሰጡ ተከራከረች፤ አንድነቱ የሚገኘው አንባቢው ይዞት በሚመጣው ዕውቀት ጭምር ነው።

ይህ ከየትኛውም ጽሑፍ ይልቅ ለርዕሰ አንቀጽ ይሠራል። ርዕሰ አንቀጽ ያለ ጸሐፊ ስም፣ በጋዜጣው ድምፅ፣ አንባቢ የሰሞኑን ዜና ያውቃል ተብሎ የሚጻፍ ነው። በ1943 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው «ዘ ኢትዮጵያን ሄራልድ» በ2003 ዓ.ም. ከተጀመረው የህዳሴ ግድብ ተነሥቶ ያለ አንዳች አያያዥ ወደ 1888ቱ የዓድዋ ድል ቢሻገር ኢትዮጵያዊው አንባቢ ድልድዩን ራሱ ይሠራል፤ የለንደኑ አንባቢ ግን ዝላይ ያያል። የለንደን ጋዜጣ ስለ ብሬግዚት፣ ማለትም ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስለ መውጣቷ፣ የጻፈውም የወቅቱን የፓርላማ ክርክር ላልተከታተለ የአዲስ አበባ አንባቢ እንዲሁ የተቆራረጠ ነው። በሁለቱም ወገን የጎደለው የጋራ ዜና ነው፤ አፍ መፍቻ ቋንቋ አይደለም።

ስለዚህ የካፕላን ጽሑፍ ጥያቄውን በመክፈቱ ሊነበብ የሚገባው ሥራ ነው፤ በሰጠው መልስ ግን ርዕሰ አንቀጽ መመዘን አይቻልም። ለውጭ አንባቢ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ አዘጋጆቻችን «ሐሳባችን ጠማማ ነው» ብለው ሊሸማቀቁ አይገባም፤ አቋማቸውን በኃይለ ቃል ቀድመው ያስቀምጡ፣ አንባቢው የማያውቀውን ዜናም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሩት።