ክሩን የሚመርጠው አየሩ ነው

አዳማ ላይ ሹራብ ይዞ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሚጠየቀው አንድ ነው፤ «በዚህ ሙቀት ለማን ይሆናል?» ይሉታል። ጥያቄው አግባብ አለው። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ1600 ሜትር እምብዛም ከፍ ሳትል ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የተቀመጠች ናት። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል መዳፍ ያልባል፤ ባላበው መዳፍ ነጩ ክር ቶሎ ያድፋል፣ የብረት መርፌውም እንደ ልብ አይንሸራተትም። ያም ሆኖ እንሠራለን፤ ምክንያቱም አዳማ የደጋው ደጃፍ ናት። የአሰላን መንገድ ይዛችሁ 75 ኪሎ ሜትር ብትወጡ ከ2400 ሜትር በላይ ትደርሳላችሁ። እዚያ በሐምሌ የጭላሎ ብርድ ልጅን ያለ ሹራብ ከቤት አያስወጣም። እዚህ ከሚኖረው ሰው ብዙው አርሲ ደጋ ላይ እናት ወይም አክስት አለው። አዳማ ላይ የተሠራው ሹራብ በባጃጅ መናኸሪያ ይደርስና ሽቅብ ይወጣል።

ስለዚህ ሥራ ሳዝ መጀመሪያ የምጠይቀው የሚለብሰው ሰው የት እንደሚኖር ነው፤ ቀለምና ጥለት ኋላ ይመጣሉ። ይህ ሳይጠየቅ ሲቀር የሚጎዳው ሕፃን ነው። አራስ ስንጠይቅ ወፍራም ኮፍያ፣ ካልሲና ሹራብ ጠቅልሎ መሄድ የቆየ ልማዳችን ነው። ለአሰላና ለበቆጂ ሕፃን ደግ ስጦታ ነው። የአዳማ፣ የባቱ፣ ይልቁንም የመተሐራ ሕፃን ግን በዚያ ሹራብ ውስጥ ሲታፈን ይውላል፤ አንገቱና ብብቱ ሥር ሽፍታ ይወጣበታል። አያቶች «ብርድ እንዳይመታው» ይላሉ፤ ፍቅራቸው እውነት ነው፤ በእነሱ ጊዜ በተወለዱበት ደጋም ልክ ነበሩ። ለቆላ ሕፃን ግን ቀጭን የጥጥ ክር፣ ላላ ብሎ አየር የሚያስገባ አሠራር ነው የሚበጀው። በዚህ ነገር ከማንም ጋር ብከራከር አይደክመኝም።

ታዲያ ክሩ ጥጥ መሆኑ በምን ይታወቃል? ሱቅ ውስጥ የሚያሞቅ ሁሉ «ሱፍ» ነው፣ የሚያብረቀርቅ ሁሉ «ንጹሕ ጥጥ» ነው። ከክሩ የጣት ቁመት ያህል ቆርጣችሁ በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ ከሆነ የሚነድ ወረቀት እየሸተተ ይቃጠልና በጣት የሚበን ግራጫ አመድ ይተዋል። የበግ ፀጉር ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ከእሳቱ ሲርቅም ራሱ ይጠፋል። ሰው ሠራሽ ከሆነ ግን ወደ ውስጥ ተሸብሽቦ ይቀልጣል፤ ሲበርድም ድፍን ዶቃ ሆኖ ይደርቃል። ትኩሱን በእጅ እንዳትነኩት። ሰው ሠራሹ ክር ዋጋው ይቀንሳል፣ ቀለሙ አይለቅም፣ ቶሎ ይደርቃል፤ ለትምህርት ቤት ሹራብ አልጠላውም። ቡና በሚፈላበት ቤት ከከሰሉ አጠገብ ይዞት ለሚቀመጥ ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ አንዲት ፍንጣሪ የወር ሥራ ላይ የማይጠገን ቀዳዳ ትከፍታለች።

ጥጡም ሱፉም ለእኛ እንግዳ አይደሉም። በአዋሽ ሸለቆ ዝቅ ብሎ በመልካ ሰዲና በተንዳሆ ሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች ነበሩ፤ እናቶቻችን በእንዝርት ፈትለው ለነጠላና ለጋቢ ሸማኔ ቤት ያደርሱ ነበር። መንዝ ላይ ደግሞ ሴቶች የበግ ፀጉር ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምኑታል፤ ባናና በርኖስ ከዚያ ይወጣል። እንደ ልብ የማይገኘው ለሹራብ የሚሆን ልስልስና ወጥ ሱፍ ነው። ያንን ያገኘሁት ሰልባጅ ተራ ነው።

ሰልባጅ ተራ ሄዶ አሮጌ ሹራብ ገዝቶ መተርተር የሹራብ ሠሪ ትልቁ ጥበብ ነው እላለሁ። ሁሉም ሹራብ ግን አይተረተርም። ገልብጣችሁ የጎኑን ስፌት እዩ። ጠርዙ በመኪና ተቆርጦ ጥቅጥቅ ባለ ክር የተዘመዘመ ከሆነ ተዉት፤ ጨርቁ ከጥቅል የተቀደደ ስለሆነ ስትተረትሩት በየመስመሩ የተቆረጠ፣ ክንድ የማያህል ብጥስጣሽ ነው የሚደርሳችሁ። ስፌቱ ስስ ሆኖ የሁለቱ ቁራጭ ጠርዝ ሳይቆረጥ ሙሉውን ከታየ ግዙት። ስፌቱን ፈትታችሁ ከአንገቱ በኩል ጀምሩ፤ ክሩ እየተግተለተለ ይመጣል። ሲወጣ ቅርጹ እንደተጣመመ ነው፤ እንዲሁ ከተሠራበት ሥራው ይጓጉላል። በወንበር መደገፊያ ላይ ጠምጥማችሁ አራት ቦታ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ለብ ባለ ውኃ እጠቡት፣ ከታች ቀለል ያለ ነገር አንጠልጥላችሁበት ጥላ ላይ አድርቁት። ቀጥ ብሎ ይነሣል። ከዚያ በልቃቂት ይጠቀለላል። እዚህ ላይ የአዳማ ሙቀት ባለውለታችን ነው፤ ጠዋት የታጠበው ማታ ለሥራ ይደርሳል።

ክሩን አየሩ ከመረጠ አሠራሩን ደግሞ የሚመርጠው ሰብሰብ ብሎ መጫወቱ ነው። በሀገራችን ከሹራብ ይልቅ የኪሮሽ ዳንቴል ለምን እንዲህ በየቤቱ እንደገባ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ሶፋውን፣ ቴሌቪዥኑን፣ የቡና ረከቦቱን፣ የውኃ ማሰሮውን ሳይቀር ዳንቴል አልብሰናል። የእኔ መልስ ከመርፌው ይጀምራል። ሹራብ ሲሠራ የመስመሩ ቀለበት በሙሉ፣ መቶም ይሁን ሁለት መቶ፣ መርፌው ላይ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ሕፃን መጥቶ መርፌውን ከሳበው ሁሉም ይወርዳል፤ የወረደውም ወደ ታች ይተረተራል። በኪሮሽ ግን መርፌው ላይ ያለችው አንዲት ቀለበት ብቻ ናት። የቀሩት ሁሉ ተዘግተዋል። ስለዚህ አቦሉ ሲቀዳ ሥራውን ጭን ላይ ጥሎ ስኒ መቀበል፣ ተነሥቶ እንግዳ መሳም፣ የሚያለቅስ ልጅ ማንሣት ይቻላል። ስትመለሱ ቀለበቷን መርፌ ላይ ታስገባላችሁ፣ ትቀጥላላችሁ። ቡና ጠጪ ሕዝብ ኪሮሽን መምረጡ አይደንቅም።

በእኛ ሰፈር ቡናው በየተራ ነው። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ «ኮቱ፣ ቡና ዱጊ» ብላ ስትጠራኝ ቀኜ ላይ ስኒ፣ ግራዬ ላይ የክር ከረጢት እንደሚኖር ታውቃለች። ለቡና የሚያዘው ሥራ ቆጠራ የማይጠይቅ መሆን አለበት፦ ቀጥታ መስመር፣ የአልጋ ልብስ ካሬዎች፣ ዘርፍ። ኮከብና አበባ የሚወጣበት፣ በየዙሩ እየተቆጠረ የሚጨመርና የሚቀነስ ሥራ የብቻ ሥራ ነው። ከጨዋታ መሀል እየቆጠሩ መቀመጥ ሰውን እንደ መናቅ ይመስለኛል። እጅ ሲሠራ ዓይን ዝቅ ይላል፤ ዓይን ዝቅ ሲል ፊት ለፊት የማይወጣ ነገር ይወጣል። የባል ነገር፣ የእዳ ነገር፣ ከዐረብ ሀገር ስላልደወለች ልጅ። በረካው ሲቀዳ ብዙ ነገር ተነግሮ አልቋል፤ ማንም ማንንም አፍጥጦ አላየም። በወር በ12 በሚካኤል፣ በ21 በማርያም ክሩን የማያነሡ አሉን፤ ያን ቀን ሁላችንም እናስቀምጠዋለን። ለቅሶ ቤትም ክር አይገባም።

ዳንቴልን መኪና ገደለው ሲባል እሰማለሁ። በዚህ አልስማማም። ሹራብን በመሣሪያ መሥራት የተጀመረው እንግሊዛዊው ዊሊያም ሊ እ.ኤ.አ. በ1589 የካልሲ መሥሪያ ከፈለሰፈ ወዲህ ነው። የኪሮሽን ሥራ ግን እስከ ዛሬ በፋብሪካ የሚያመርት መኪና የለም። እያንዳንዷ ቀለበት በየአቅጣጫው ስለምትያያዝ የሰው አንጓ ካልተጠማዘዘ አትሠራም። ገበያ ላይ «ዳንቴል» እየተባለ በሜትር የሚቆረጠው ሌላ ነገር ነው፤ ገልብጣችሁ ብታዩት ከላይ እስከ ታች የተደረደሩ ደቃቅ ሰንሰለቶችና በመካከላቸው የሚመላለስ ክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ የድንች ረሃብ አየርላንድን ሲመታ ሴቶች በኪሮሽ ዳንቴል እየሠሩ ቤተሰብ ያተረፉት ይህ የእጅ ሥራ ዋጋ ስለነበረው ነው። እኛ ጋ ግን ለሙሽራ የአልጋ ልብስ የሚያዝዝ ሰው የክሩን ዋጋ ጠይቆ «እጅሽ እንኳ ያው ቁጭ ብለሽ ነው» ብሎ ይከራከራል። ከጥር ሠርግ በፊት ወራት ሙሉ ዓይኗን የፈጀችው ሴት ክር ብቻ አልሸጠችላችሁም።

ስለ ማጠናቀቁም ልናገር፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚያ ነው። የአበባ ማስቀመጫና ቅርጫት መሰል ዳንቴል ቆሞ እንዲቀር ስኳር በውኃ አፍልቶ መንከር የታወቀ ዘዴ ነው። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ ወንጂ ላይ የስኳር ፋብሪካውን ሥራ ካስጀመረበት ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስኳር የደጃችን ምርት ነው፤ ለዳንቴል ግን አልመክረውም። ጉንዳኑ አንድ ሌሊት አይምርም፤ በክረምቱ እርጥበትም ተመልሶ ይሟሟና ይጣበቃል። ስታርች ይሻላል።

ወደ ውጭ ስንወጣም ክሩ አብሮን ነው። ከሁሉ የሚቀርበን ሶደሬ ነው፤ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አዋሽ ዳር። ልጆቹ ፍልውኃው ገንዳ ሲገቡ እኛ ዛፍ ሥር ምንጣፍ እናነጥፋለን። ጦጣዎቹ ሙዝ ብቻ የሚሰርቁ እንዳይመስላችሁ፤ ልቃቂት የፍራፍሬ ያህል ያጓጓቸዋል፣ ይዘውት ዛፍ ላይ ሲወጡ ክሩ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘረጋል። ክሩን ዚፕ ባለው ከረጢት አስገብታችሁ ጫፉን ብቻ አውጡት። ቢሾፍቱ ሆራ ዳር ነፋሱ ደግ ነው፣ በመስኖ አትክልቱ መንገድ በመቂና በባቱ ታልፎ ላንጋኖ ሲደረስ ግን አሸዋው ጠላት ነው፤ በዳንቴሉ ቀዳዳ ገብቶ እስኪታጠብ አይወጣም። ለላንጋኖ ጠቆር ያለ ወፍራም የጥጥ ክር ይዤ የገበያ ዘንቢል እሠራለሁ፤ ነጩ ለቤት ይቆያል።

ሻሸመኔ የደረሰ ሹራብ ሠሪ ሌላ ነገር ያያል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 ከሰጡት መሬት ላይ የሰፈሩት ራስተፈሪያን ረጅሙን ጸጉራቸውን የሚሰበስቡበት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ኮፍያ በኪሮሽ ይሠራል። ከአናቱ በትንሽ ቀለበት ይጀመራል፣ በየዙሩ እየሰፋ ይወርድና ግንባር ላይ ሲደርስ ይጠባል። መስፋቱን ጸጉሩ፣ መጥበቡን ራሱ ይወስነዋል። ሙቀት አያፍንም፤ ቀዳዳው አየር ያስገባል። ባሕር አቋርጦ የመጣ ሰው ለዚህ ሸለቆ የሚሆነውን አሠራር ይዞ መምጣቱ ደስ ይለኛል። ወንዶቹም ሲሠሩ ይታያሉ።

እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ መርፌ ሲይዝ ይሳቅበታል። ሸማኔው ወንድ በሆነበት ሀገር ይህ ሳቅ ከየት እንደመጣ አይገባኝም። በድንኳን ሥር የተቀመጠው፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ጥበብ የሚያወጣው ሰው አባት ነው። ልጁ ክር ቢይዝ ምኑ ያሳፍራል? ልጆች ትዕግሥት የላቸውም የሚለውንም አልቀበለውም። የእጅ ሥራ በቃል አይገባም፤ ከሚሠራ ሰው ጎን ተቀምጠው ጣቱን እያዩ ነው የሚማሩት፤ ያንን መቀመጫ ደግሞ እኛ አዋቂዎች ነን የነፈግናቸው።

ትምህርት ቤት ሰኔ መጨረሻ ላይ ይዘጋል፣ እስከ መስከረም ልጆች ቤት ናቸው። በዚህ ክረምት ለአንድ ልጅ፣ ሴትም ይሁን ወንድ፣ መካከለኛ ወፍራም የሆነ ነጣ ያለ የጥጥ ክርና አንድ የኪሮሽ መርፌ ግዙ። ጥቁር ክር አትግዙ፤ ጀማሪ ቀለበቱን አያይበትም። ቡና ሲፈላ ከጎናችሁ አስቀምጡት፣ መጀመሪያ ሰንሰለት ብቻ ይሥራ፤ ቢጠብቅበትም አትፍቱበት፣ እጁ ራሱ ይላላል። ሥራ የምታዝዙም ከክሩ ዋጋ ላይ የእጅ ጨምራችሁ ክፈሉ።