ኒውስቴድ፤ ባለርስቱ ያለቀሰለት ገዳም

ስለ አንድ ቤት የተጻፈ ግጥም በሚመረመርበት ጊዜ የቃሉን ማማር ብቻ ማየት አይበቃም። ቤቱ የማን ነበረ፥ እንዴትስ ተገኘ፥ ባለቅኔው በዚያ ቤት የቆመው እንደ ጌታ ነው ወይስ እንደ እንግዳ ተብሎ መጠየቅ አለበት። በቅኔ ቤት ሰሙና ወርቁ ያልተስማማ ቅኔ ምንም ዜማው ቢያምር መምህሩ አይቀበለውም። እንደዚሁ የባለቤቱ ኑሮና የግጥሙ ልቅሶ ያልተስማሙ እንደ ሆነ አንባቢ ቆም ብሎ ሊመዝነው ይገባል። ለዚህ ነገር በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም አውራጃ ያለው ኒውስቴድ የተባለው ታላቅ ቤት፥ ስለ እርሱም ሎርድ ባይሮን የጻፋቸው ግጥሞች መልካም ምሳሌ ይሆናሉ። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ኒውስቴድ በመጀመሪያ የመኳንንት ቤት አልነበረም፤ ገዳም ነበረ። በ12ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ በሸርዉድ ዱር ውስጥ ለአውግስጢኖስ ሥርዐት ካህናት ተከለው። በእመቤታችን በቅድስት ድንግል ማርያም ስም ተሰየመ፤ በላቲን የተጠራበትም ስም ወደ ግዕዝ ቢመለስ «ቅድስት ማርያም ዘሐዲስ መካን» እንደ ማለት ነው። ኒውስቴድ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልም ትርጓሜው «አዲስ ስፍራ» ነው። ሕዝቡ «አቤይ» እያለ ይጠራዋል፤ ይህም በአበምኔት የሚተዳደር ታላቅ ገዳም ማለት ነው። በእውነቱ ግን ኒውስቴድ ከዚያ በታች የሆነ፥ በአለቃ የሚመራ ገዳም ነበረ። ካህናቱ ሳሉ ያላገኘውን የማዕርግ ስም ካህናቱ ከተባረሩ በኋላ ማግኘቱ፥ የዚህ ቤት ታሪክ ሁሉ እንዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ያመለክታል።

በ1539 ዓ.ም. ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የአገሩን ገዳማት ሲዘጋ ኒውስቴድም ከነጉልቱ ለንጉሡ ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ሰር ጆን ባይሮን የተባለ የዚያ አገር ባላባት በ810 ፓውንድ ገዛው። የካህናቱን ማደሪያ የራሱ መኖሪያ አደረገው፤ የቤተ ክርስቲያኑ አብዛኛው ክፍል ፈርሶ የምዕራቡ ፊት ግንብ ከነታላቁ መስኮቱ ባዶውን ቆሞ ቀረ። በመጽሐፈ ነገሥት የናቡቴን የወይን ቦታ ታሪክ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ያስተውላል። አክዓብ የወሰደውን ለራሱ ይዞት ነበርና ነቢዩ ወቀሳውን ለማን እንደሚናገር አልቸገረውም። በኒውስቴድ ግን ንጉሡ ወስዶ ሸጠው፤ ገዢውም «ገንዘቤን ከፍያለሁ» የሚል ቃል በእጁ ነበረው። ከዚያ በኋላ በየዘመኑ ቤቱን የያዙት ሁሉ በዚህ ቃል ተጠልለው ኖረዋል።

ካህናቱም ሲወጡ ንዋያቸውን ሁሉ ለዘራፊ አልተዉም። በንስር አምሳል የተሠራውን የናስ አትሮንስ ከገዳሙ አጠገብ ባለው ሐይቅ ውስጥ ጣሉት፤ በውስጡም የገዳሙን ሰነዶች ሸሽገው ነበር። አትሮንሱ ሁለት መቶ ዓመት ያህል በውኃ ውስጥ ከተኛ በኋላ በ18ኛው መቶ ዓመት ወጣ፤ በ1805 ዓ.ም. ለሳውዝዌል ቤተ ክርስቲያን ተሰጠ።

የባይሮን ወገን በንጉሥ ቻርልስ 1ኛ ዘመን በተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት ከንጉሡ ጋራ ስለ ቆመ በ1643 ዓ.ም. የሎርድነት ማዕርግ አገኘ። አምስተኛው ሎርድ ዊልያም በ1765 ዓ.ም. ዘመዱንና ጎረቤቱን ዊልያም ቻዎርዝን በሎንዶን በጠብ ምክንያት በሰይፍ ገደለ፤ በመኳንንቱ ሸንጎ ቀርቦም በቀላል ቅጣት ተለቀቀ። ከዚያ በኋላ ዛፉን አስቈረጠ፥ ቤቱም ሲፈርስ ዝም ብሎ አየ። በ1798 ዓ.ም. ሲሞት ፍራሹ ቤትና ማዕርጉ ለወንድሙ የልጅ ልጅ፥ ለ10 ዓመቱ ሕፃን ለጆርጅ ጎርደን ባይሮን ተላለፈ። በኋላ በዓለም ሁሉ ስሙ የተጠራው ባለቅኔ ይህ ነው።

ባይሮን በ1807 ዓ.ም. ባሳተመው የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፉ ውስጥ ስለ ኒውስቴድ የተጻፈ አንድ ረጅም የሙሾ ግጥም አለ። ገና የ19 ዓመት ጎልማሳ ነበረ። ግጥሙ መሥራቹን ሄንሪ ንስሓ እንደ ገባ ንጉሥ አድርጎ ያቀርባል፤ የካህናቱን የሠርክ ጸሎት ያነሣል፤ ሁለተኛውን ሄንሪ፥ ገዳሙን ያፈረሰውን፥ ያለ ርኅራኄ ይወቅሳል፤ ስደተኞቹ ካህናት ወዴት እንደሚሄዱ ሳያውቁ መውጣታቸውን ያለቅሳል። ከዚያም የጦርነቱን ዘመን ተርኮ፥ የወገኑ ፀሐይ እንደ ገና ትወጣ ይሆናል በሚል ተስፋ ይፈጽማል።

ልቅሶው መልካም ነው፤ ቃሉም ለዕድሜው የበሰለ ነው። ነገር ግን በግጥሙ መካከል አንድ ክፍተት አለ። ካህናቱ ከተባረሩ በኋላ ወዲያው የጦረኞች ሰንደቅና የመለከት ድምፅ ይሰማል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ሽያጭ፥ የ810ሩ ፓውንድ ነገር፥ አይነገርም። ወቀሳው ሁሉ በንጉሡ ላይ ይወድቅና ክብሩ ሁሉ ለገዢው ወገን ይቀራል። ስለዚህ የግጥሙ ሰም የካህናቱ ኀዘን ቢሆንም ወርቁ ሲፈለቀቅ የሚገኘው የባለርስቱ ውዳሴ ነው። ለተባረሩት የሚያለቅሰው ሰው በአልጋቸው ላይ ተቀምጧል፤ እንባውም ከተቀመጠበት እንዲነሣ አላደረገውም።

የግጥሙ እንባ ምን ያህል ጥልቅ እንደ ነበረ የሚቀጥለው ዓመት ሥራው ይመሰክራል። በ1808 ዓ.ም. የአትክልቱ ሠራተኛ መሬት ሲቈፍር የሰው ራስ ቅል አገኘ። ከቀደሙት ካህናት የአንዱ እንደ ሆነ ቢገመትም ባይሮን አስወልውሎ የወይን መጠጫ ዋንጫ አደረገው፤ በላዩም ግጥም ጻፈ። በዚያው ዓመት የሚወደው ውሻው ቦትስዌን በሞተ ጊዜ፥ የጥንቱ መንበር ቆሞበት ነበር ብሎ ባሰበው ስፍራ ቀብሮ ሐውልት አቆመለት፤ በ1811 ዓ.ም. በጻፈውም ኑዛዜ እርሱ ራሱ በዚያ እንዲቀበር አዘዘ። በ1809 ዓ.ም. ደግሞ ጓደኞቹን ሰብስቦ የመነኵሴ ልብስ እየለበሱ ሲጠጡ አመሹ። በነቢዩ ዳንኤል መጽሐፍ ብልጣሶር በቤተ መቅደሱ ንዋየ ቅድሳት ጠጥቶ በግንቡ ላይ የጻፈችውን እጅ አይቷል። ከጥቂት ዓመት በኋላ፥ በ1815 ዓ.ም.፥ ባይሮን ራሱ የብልጣሶርን ራእይ በግጥም ማሳተሙ ነገሩን ጨርሶ እንዳልሳተው ያስጠረጥራል።

ዕዳው ሲበዛበት ቤቱን ለሽያጭ አቀረበው። በ1812 ዓ.ም. ክላውተን የተባለ ሰው በ140,000 ፓውንድ ሊገዛው ተዋውሎ መክፈል አቃተው። በመጨረሻ በ1817 ዓ.ም. የትምህርት ቤት ባልንጀራው ቶማስ ዋይልድማን በ94,500 ፓውንድ ገዛው። ባይሮን ግን ከአንድ ዓመት በፊት ከእንግሊዝ ወጥቶ ነበርና ቤቱን ዳግመኛ አላየውም።

ርስቱ ከእጁ ከወጣ በኋላ፥ በጣልያን አገር በስደት ተቀምጦ፥ «ዶን ጁዋን» በተባለው ታላቅ ግጥሙ 13ኛ ክፍል ውስጥ ኒውስቴድን እንደ ገና ሣለው። ይህ ክፍል በ1823 ዓ.ም. ታተመ። ስሙን ለውጦ «ኖርማን አቤይ» አለው፤ ጌታውንም ሎርድ ሄንሪ ብሎ ሰየመው። እንግዲህ አንዱ ሄንሪ ተከለ፥ ሁለተኛው ነቀለ፥ ሦስተኛው በግጥሙ ውስጥ ሰተት ብሎ ገብቶ ግብዣ ያደርጋል። ባለቅኔው በዚህ አንድ ስም ምርጫ ብቻ በሙሾው የዘለለውን የሽያጭ ነገር ወደ ስፍራው መለሰው፤ የቤቱ ጌታ የነቃዩን ስም ይዞ ይገኛልና።

በዚያ ክፍል ሐይቁ፥ የተደባለቀው አሠራር፥ ነፋስ የሚያልፍበት ባዶው የመስኮት ቅስት አንድ በአንድ ይቈጠራሉ። የግጥሙ ጠባይ ቧልተኛ ነው፤ በሁሉ ላይ ይሥቃል። ነገር ግን በግንቡ ጫፍ፥ ሌሎቹ የቅዱሳን ምስሎች ወድቀው ሳሉ፥ ልጇን ታቅፋ ብቻዋን ወደ ቀረችው የእመቤታችን ምስል በደረሰ ጊዜ ሣቁ ይቆማል። ምስሉ በእርግጥ በኒውስቴድ ግንብ ላይ ያለ ነው። ባለቅኔው ስለ ራሱ ወገን አንድ ቃል ሳይጨምር፥ ከታች ያለችውን ምድር ቅድስት የምታስመስል አድርጎ ያሳያታል። ሙሾው በብዙ እንባ ያላደረሰበት ስፍራ ይህ ነው፤ ገዳሙ በማን ስም እንደ ተተከለ ያስታውሳልና። በ16ኛውም ክፍል የጥቁሩ መነኵሴ መንፈስ በሌሊት በቤቱ ይመላለሳል፤ ስለ እርሱም የሚዘፈነው ዘፈን የተባረረው ሰው መብት እንዳልተሻረ ይናገራል። ባለርስት ሳለ ያልጻፈውን ርስት አልባ ሲሆን ጻፈው።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። የጎልማሳው ሙሾ ጸሎትንና ካህናትን በአክብሮት የሚያነሣ ሲሆን፥ የኋላው ግጥም ግን በብዙ ስፍራ ለአፍ የሚከብድ ዘፋኝነት አለበት፤ የመነኵሴው መንፈስ ነገር እንኳ ቆቡ ሲገለጥ አንዲት መስፍኒት ሆና ተገኝታ በቧልት ያልቃል፤ ታዲያ ክርስቲያን አንባቢ ፊተኛውን ሊመርጥ አይገባውምን? ይባላል። ተቃውሞው የሚናቅ አይደለም፤ የኋላው ግጥም ለሕፃናት የሚሰጥ መጽሐፍ አይደለምና። ዳሩ ግን መንፈሳዊ ቃል በተገኘበት ሁሉ መንፈሳዊ ሐሳብ አለ ማለት አይቻልም። በ1807 ለካህናቱ አልቅሶ በ1808 በካህን ራስ ቅል የሚጠጣ ሰው ቃሉን እንደ ጌጥ ለብሶታል። ቧልተኛው ግን ሣቁን ባቆመበት በዚያች አንድ ስፍራ ማንም ሳያስገድደው ነው ያቆመው። የመነኵሴው ልብስ በመስፍኒቲቱ ላይ መገኘቱም በ1809 የራሱ ጓደኞች ያደረጉትን ያስታውሳል፤ ሲሥቅ የገዛ ቤቱን ነውር አልሸሸገም።

ከባይሮን በኋላ ቤቱን የያዙት በአያያዛቸው ከእርሱ ይሻላሉ። ኮሎኔል ዋይልድማን ብዙ ገንዘብ አውጥቶ አደሰው፤ ገንዘቡ ግን በጃማይካ ደሴት ባሮች ከሚሠሩበት የሸንኮራ እርሻ የመጣ ነበረ። ስለዚህ ከተባረሩት ካህናት ጉዳት በላይ የባሮቹ ድካም በድንጋዩ ላይ ተጨመረ፤ ለእነርሱም በዚያ ቤት ሙሾ የጻፈ ባለቅኔ አልተገኘም። በ1861 ዓ.ም. የገዛው ዊልያም ዌብ በአፍሪቃ አደን ሳለ ዴቪድ ሊቪንግስቶንን ያወቀ ሰው ነበረ። ሊቪንግስቶንም ከ1864 እስከ 1865 ዓ.ም. በኒውስቴድ እንግዳ ሆኖ ስለ ዛምቤዚ ወንዝ ጉዞው መጽሐፉን ጻፈ። ከሞተም በኋላ ሬሳውን ከአፍሪቃ መካከል እስከ ባሕር ጠረፍ ተሸክመው ካደረሱት ታማኞቹ መካከል ቹማና ሱሲ በ1874 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ መጥተው በዚያ ቤት በእንግድነት ተቀብለዋቸዋል። በመጨረሻ የዌብ ወገን በ1931 ዓ.ም. ሸጠው፤ ገዢው ሰር ጁልየን ካንም ለኖቲንግሃም ከተማ ሰጠው። ባይሮን ለግሪክ ነፃነት ሊዋጋ ሄዶ በ1824 ዓ.ም. በሚሶሎንጊ ሞቶ ነበርና፥ በርክክቡ ሥነ ሥርዐት ላይ የግሪክ ጠቅላይ ሚኒስትር ቬኒዜሎስ ተገኝተዋል። የባይሮን መቃብር ግን በኒውስቴድ በውሻው አጠገብ አልሆነም፤ በአቅራቢያው ባለችው በሃክናል ቤተ ክርስቲያን ነው።

ዳዊት በ48ኛው መዝሙር ምድራቸውን በስማቸው የሚጠሩትን ባለጸጎች ሞት እንደ እረኛ እንደሚነዳቸው ይዘምራል። በኒውስቴድ ከባለርስቶቹ አንዱም ስሙን በቤቱ ላይ ማጽናት አልቻለም፤ ገዳሙ የተሰየመባት እመቤት በግንቡ ላይ፥ የስሙም ትርጓሜ በምድሩ ላይ ቀርቷል። የናሱ ንስርም ከውኃ ወጥቶ ሳውዝዌል ላይ የእግዚአብሔር ቃል የሚነበብበት አትሮንስ ሆኗል። የባይሮንን ሁለት ግጥሞች የሚያነብ ሰው ስለዚህ ሙሾውን ሳያነብ አይለፍ፤ ነገር ግን ፍርዱን ሁለተኛውን አንብቦ እስኪጨርስ ያቆየው። ባለቅኔ ስለ ተወሰደ ነገር ሲያለቅስ፥ የተወሰደው ነገር በማን እጅ እንዳለ መጠየቅ የአንባቢ ፈንታ ነው።