ልምድና ነፃ አንደበት፤ ስለ ጦር አይሮፕላኖች ደኅንነት በቀረበ ሪፖርት ላይ የተጻፈ ሂስ

የጦር አይሮፕላን ሲወድቅ ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው «ማን አጠፋ?» ብሎ ነው። «ያ ሰው ሙያውን ጠንቅቆ የሚያውቅበት ጊዜ ተሰጥቶት ነበርን?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የአሜሪካ ኮንግሬስ ያቋቋመው የጦር አቪዬሽን ደኅንነት ብሔራዊ ኮሚሲዮን በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ስላነሣ ሊመሰገን ይገባዋል።

የሪፖርቱ አኃዝ የሚያሳዝን ነው። ከ2013 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ባሉት የበጀት ዓመታት ጠላት ያላደረሳቸው 6,079 አደጋዎች ደርሰው 198 ሰዎች ሞተዋል፤ 157 አይሮፕላኖችም ጠፍተዋል። ኮሚሲዮኑ ምክንያቱን ሲመረምር አብራሪው ከመብረር ይልቅ በጽሕፈት ቤት ሥራ መጠመዱን፣ መካኒኩም ከሙያው ውጭ በሆነ ተግባር ጊዜውን ማጥፋቱን አመለከተ። ስለዚህ ሁለቱም ሙያቸውን ሳይለቁ የሚያድጉበት መንገድ እንዲከፈት መከረ። ሐሳቡ ሕልም አይደለም፤ በዚያው አገር ምድር ጦር ዋራንት ኦፊሰር የሚባሉት አብራሪዎች ወደ አዛዥነት ሳያልፉ በበረራ ሙያቸው ማዕርግ ያገኛሉ።

እስከዚህ ድረስ ከሪፖርቱ ጋር እንስማማለን። ነገር ግን አንባቢው ልምድ ብቻውን መድኃኒት ነው ብሎ እንዳይደመድም ያሠጋል። ለዚህ የእንግሊዝ አየር ኃይል ታሪክ ምስክር ነው። ኒምሮድ የተባለ አይሮፕላኑ በመስከረም 2 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. በአፍጋኒስታን ሰማይ ላይ ነዳጅ በአየር ከተቀበለ በኋላ በእሳት ጋይቶ 14 ሰዎች አለቁ። ነገሩን የመረመሩት ቻርልስ ሃደን-ኬቭ በ2009 እ.ኤ.አ. እንደ ገለጹት፣ አደጋው ከመድረሱ በፊት ስለ አይሮፕላኑ ደኅንነት ሰፊ ጥናት ተዘጋጅቶ ነበር። አዘጋጆቹ ግን አይሮፕላኑ ከ30 ዓመት በላይ በደኅና ስለ በረረ ምንም ችግር የለበትም ከሚል እምነት ተነሥተው ነበርና አደጋው ሳይታያቸው ቀረ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ማለት ይህ ነው። እዚህ ላይ የልምድ ማነስ አልነበረም፤ የረጅም ዘመን ልምድ ራሱ መጠራጠርን አስተኛ እንጂ።

እንግዲህ ልምድና የደኅንነት ልማድ አንድ አይደሉም። ልምድ ያለው ሰው «ይህ ትክክል አይደለም» ብሎ ያለ ፍርሃት የሚናገርበት ሥርዓት ከሌለ ዕውቀቱ ከእርሱ ጋር ይቀበራል። ልምድ የሌለው ደግሞ ነፃነት ቢሰጠውም የሚናገረውን አያውቅም።

ኮሚሲዮኑ ከመከራቸው ዋና ነገሮች አንዱ የሆነው የጋራ የደኅንነት ምክር ቤት በ2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በሕግ ታዟል። ይህ መልካም ነው። ምክር ቤት ግን አደጋን ይቈጥራል፣ ያነጻጽራል፤ በሌሊት ከክንፍ ሥር ተኝቶ የሚፈሰውን ዘይት የሚያየው መካኒኩ ነው። ስለዚህ የሪፖርቱ ፍሬ የሚለካው በአዲስ ጽሕፈት ቤት አይደለም ብለን እናምናለን። መለኪያው አንድ ነው፤ አዛዡ እየቸኰለ ሳለ «ይህ አይሮፕላን አይነሣም» ያለ መካኒክ፣ የዕድገቱ ጊዜ ሲደርስ ያ ቃሉ የሚጻፍለት እንደ ምስጋና ነው ወይስ እንደ ጥፋት?