የዝንቧ አቅጣጫ

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1933 በካሊፎርኒያው ሴራ ኔቫዳ፣ ሚናሬትስ በሚባሉት ሾጣጣ ቋጥኞች ግርጌ ባለቤቱ ያልተመለሰበት ሰፈር ተገኘ። የበረዶ መጥረቢያውም፣ ጫማ ላይ የሚታሰሩት የብረት ጥርሶቹም እዚያው ናቸው። ባለቤቱ ዋልተር ስታር ጁንየር ይባላል፤ የሠላሳ ዓመት ጠበቃ ነው፤ ለተጓዦች የመንገድ መምሪያ መጽሐፍ እያዘጋጀ፣ እሱ ራሱ ግን መንገድ በሌለበት ብቻውን የሚወጣ ሰው። ጥሎት የሄደው ዕቃ ለሚያነብ ሰው በቂ ነበር፤ ወደ በረዶው ሳይሆን ወደ ድንጋዩ ሄዷል።

ፈላጊ ጎረፈ፤ አውሮፕላን ሳይቀር ዞረ። ቀናት አለፉ፤ ሰዉም ተመለሰ። ተራራ ወጪው ኖርማን ክላይድ ግን እዚያው ቀረ።

የዚህ ሰው ሙያ የሚገባን ሸክሙን ስናይ ነው። 40 ኪሎ ገደማ የሚደርስ ጭነት ተሸክሞ ተራራ ለተራራ ይዞር ነበር፤ መጥበሻዎች፣ ካሜራዎች፣ የግሪክኛና የላቲን መጻሕፍት፣ የጫማውን ሚስማር የሚቀጠቅጥበት ትንሽ መስፍ ሁሉ አለበት። ባልንጀሮቹ ይስቁበት ነበር። ለእኔ ግን ያ ሸክም ለመድረስ ሳይሆን ለመቆየት የታሰረ ነው። ከመቶ የሚበልጡ አቀበቶችን ማንም ሳይቀድመው የወጣው ሰው ችኮላ አያውቅም ነበር።

ፍለጋውም እንደ ሸክሙ ነው። ይወጣል፣ ይቀመጣል፣ ገደሉን በመነጽር ስንጥቅ በስንጥቅ ይለቅማል። ኦገስት 25 ማይክል ሚናሬት ላይ ሳለ አንዲት ዝንብ ጥዝ እያለች አለፈች። ሌላ ተከተለች፤ ሌላም። ሣር በማይበቅልበት ባዶ ቋጥኝ ላይ ዝንብ ምን ትሠራለች? ሌላ ሰው ቢሆን እጁን አወናጭፎ ያባርራት ነበር። ክላይድ ግን ወዴት እንደምትሄድ ተመለከተ። ስታር ጠባብ የገደል እርከን ላይ ወድቆ ተገኘ።

ከቀናት በኋላ ክላይድ ከወጣቱ ጁልስ አይኮርን ጋር ተመልሶ ወጣ። አስከሬኑን አላወረዱትም፤ እዚያው እርከኑ ላይ ድንጋይ በድንጋይ ደርበው ቀበሩት። የስታር አባት ከታች ሆነው ያዩ ነበር።