ጽዋና ተራ፦ ክርስቲያናዊ ባልንጀርነት በማኅበር ሥርዓት

ክርስቲያናዊ ባልንጀርነት በስብከትም ሆነ በጽሑፍ ሲወሳ ብዙውን ጊዜ የሚተነተነው ከልብ መዋደድ አንጻር በመሆኑ፣ መዋደዱን ከወር እስከ ወር የሚያቆየው ሥርዓት ተገቢውን ትኩረት ሳያገኝ ይቀራል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ የኖረው የጽዋ ማኅበር ይህን ሥርዓት ለመመርመር ያመቻል። ጽዋ ማኅበር ማለት በአንድ ቅዱስ፣ በመልአክ ወይም በእመቤታችን ስም የተሰባሰቡ ምእመናን መታሰቢያው በሚውልበት ቀን፣ ለምሳሌ ወር በገባ በ12 ለሚካኤል ወይም በ21 ለማርያም፣ በየአባሉ ቤት በተራ እየተገናኙ የሚጸልዩበት፣ ማዕድ የሚቆርሱበትና የሚረዳዱበት ስብስብ ነው። ሰንበቴ የሚባለው ቅርብ ዘመዱ ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ይካሄዳል። "ማኅበር" እና "ኅብረት" የሚሉት ቃላት ሁለቱም "ኀበረ" ከሚለው፣ አንድ መሆንንና መተባበርን ከሚያመለክተው የግእዝ ግስ የወጡ ናቸው።

አሪስቶትል ወዳጅነትን በጥቅም፣ በደስታና በበጎነት ላይ የተመሠረተ ብሎ በሦስት ከፍሎ፣ ከሁሉ የላቀውን በምግባር ለሚመሳሰሉ ጥቂት ደጋግ ሰዎች ሰጥቶታል። የማኅበር ባልንጀርነት ከእነዚህ ከሦስቱ በአንዱም በሚገባ አይጠቃለልም፤ ምክንያቱም ማኅበርተኞች የሚተሳሰሩት በጠባይ መመሳሰላቸው ተመዝኖ ሳይሆን የአንድ ቅዱስ ስም በመካከላቸው ስለቆመ ነው። ከዚህ የተነሣ ነጋዴውና የቀን ሠራተኛው፣ የተኳረፉ ጎረቤታሞችም ሳይቀሩ በአንድ ጽዋ ዙሪያ ሊቀመጡ ይችላሉ፤ መዋደዱም የማኅበሩ መግቢያ መስፈርት መሆኑ ቀርቶ ከአብሮ መቀመጥ የሚጠበቅ ፍሬ ይሆናል።

የጋራ ማዕድ በክርስትና ታሪክ ከጥንት ጀምሮ ሁለት አደጋዎች ተጋርጠውበት ኖሯል። የመጀመሪያው አለመተካከል ሲሆን፣ ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስን ክርስቲያኖች የገሠጸው ያላቸው ቀድመው እየበሉ የሌላቸው ይራቡ ስለነበር ነው። ሁለተኛው የቅድስና መደፈር ሲሆን፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተካሄደው የሎዶቅያ ጉባኤ በ28ኛው ቀኖናው አጋፔ፣ ማለትም የፍቅር ማዕድ፣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳይደረግ ከልክሏል። የኢትዮጵያው ሥርዓት ማዕዱን ወደ አባላት ቤት ወይም ከቤተ መቅደሱ ውጭ ወዳለው የሰንበቴ ቤት በመውሰዱ ለሁለተኛው አደጋ፣ ድግሱን በተራ በማድረጉ ደግሞ ለመጀመሪያው መልስ ሰጥቷል ማለት ይቻላል።

የተራው ስሌት ቀላል ቢመስልም ፋይዳው ጥልቅ ነው። 12 አባላት ባሉት ማኅበር እያንዳንዱ በዓመት አንድ ጊዜ ይደግሳል፣ 11 ጊዜ ደግሞ ከሌላው ቤት ይቀበላል፤ ስለዚህ ዘወትር ሰጪ ሆኖ የሚኮራ፣ ዘወትር ተቀባይ ሆኖ የሚያፍር አይኖርም። ጽዋው ከደጋሹ ወደ ቀጣዩ ባለተራ ሲተላለፍ የሚተላለፈው ዕዳም ጭምር ነው፤ ጽዋ የተቀበለ ሰው በሚቀጥለው ወር ቤቱን እንደሚከፍት በማኅበርተኛው ፊት ቃል ገብቷል። ሙሴ የሚባለው የማኅበሩ አለቃም የቀረውን አባል ስለሚጠይቅ፣ የታመመ ወይም ኀዘን የደረሰበት ሰው ሳይታወቅለት አይቆይም።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱ ከነቀፋ ነጻ አይደለም። ድግሱ ወደ ፉክክር ሲለወጥ ዳቦና ጠላ ይበቃው የነበረው ዝክር ብድር የሚያስገባ ግብዣ ይሆናል፤ ያን ጊዜ አቅም ያነሰው አባል ምክንያቱን ሳይናገር ከማኅበሩ ይርቃል፣ ጳውሎስ የነቀፈው ልዩነትም በሌላ በር ተመልሶ ይገባል። መጠጡ ጸሎቱን በሚያስረሳበት ማኅበር ደግሞ የቅዱሱ ስም ለግብዣው ማመካኛ ከመሆን አያልፍም።

የቤትና የትንሽ ስብስብ ጉልበት በአንድ ትውፊት ብቻ የተወሰነ እንዳልሆነ ከወንጌላውያን ታሪክ መረዳት ይቻላል። በ1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘግቶ መሪዎቿን ባሰረ ጊዜ አባላቷ በየቤቱ በትናንሽ ቡድኖች በኅቡእ መሰብሰብ የቀጠሉ ሲሆን፣ ሥርዓቱ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ቁጥራቸው በብዙ እጥፍ አድጎ ተገኝቷል። በዚህ ስብስብ ጽዋም የቅዱስ መታሰቢያም አልነበረም፤ ሆኖም ሰው በስሙ የሚታወቅበትና ሲቀር የሚፈለግበት ቤት ነበር።

እንግዲህ የክርስቲያናዊ ባልንጀርነት ዋጋ የሚመዘነው በድግሱ ስፋት ሳይሆን የደከመው አባል ተራውን ለመወጣት በመቻሉ ነው። ዝክሩን ድኻው አባል በሚችለው ልክ የወሰነ ማኅበር ስሙን ጠብቋል፤ ይህን ያላደረገ ግን ጽዋ ቢያዞርም ኅብረቱን አጥቷል።