ውኃ ራሱ የሚያጠብቀው በር

በእንግሊዝ አገር ዊልትሻየር ውስጥ፣ ዲቫይዚስ ከተማ አጠገብ፣ ኬን ሂል የሚባል ኮረብታ አለ። ኬኔት ኤንድ ኤቨን የተባለው ሰው ሠራሽ ቦይ ይህን ኮረብታ በ29 ሎኮች ይወጣዋል፤ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ርቀት 72 ሜትር ከፍ ይላል። ሎክ ግራና ቀኙ በግንብ፣ ፊትና ኋላው በበር የታጠረ ክፍል ነው። ጀልባው ይገባል፤ የኋላው በር ይዘጋል፤ ከላይ ውኃ ይለቀቃል፤ ጀልባውም ከውኃው ጋር ይነሣል። ሁሉን ለመውጣት አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል።

እዚህ የሚመጡት ጠባብ ጀልባዎች ወርዳቸው 2 ሜትር ያህል ነው፤ ርዝመታቸው ግን እስከ 22 ሜትር ይደርሳል። ሎኩ ለሁለት ስለሚበቃ ጎን ለጎን ተጣምረው ይወጣሉ፤ ውኃም ጉልበትም ይተርፋል። እኛም ከማናውቃቸው ባልና ሚስት ጋር ተጣምረን ወጣን። ክፍሉ እስኪሞላ ግንቡ ላይ ቆሜ የማየው በሩን ነበር፤ ቀኑን ሙሉም አልሰለቸኝም።

በሩ ባለ ሁለት ተካፋች ነው። ሲዘጋ ግን ቀጥ ያለ መስመር አይሠራም። ሁለቱ ተካፋቾች ወደ ላይኛው ውኃ ሾል ብለው፣ ግንባር ለግንባር እንደ ገጠሙ ወይፈኖች ይደጋገፋሉ። መቀርቀሪያ የለው፣ ቁልፍ የለው። የታችኛው በር ገና እንደተዘጋ በመሐል ቀጭን ክፍተት ትታያለች፤ ውኃ መግባት ሲጀምር በእሷ በኩል ይረጫል። ክፍሉ እየሞላ ሲሄድ ግፊቱ እንጨቶቹን ያጣብቃቸዋል፤ የሚረጨውም ወደ ጠብታ ይወርዳል። ጠላት የመሰለው ውኃ ዘበኛ ይሆናል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ለሚላን ቦይ የነደፈው እንዲህ ያለ በር ሥዕሉ እስከ ዛሬ አለ፤ ከአምስት መቶ ዓመታት በኋላም የተሻለ መፍትሔ አላስፈለገም።

ሐሳቡ ብቻውን ግን ውኃ አያቆምም፤ የአናጢው እጅ ያስፈልጋል። የእንግሊዝ ቦዮች በሮች በአብዛኛው ከኦክ እንጨት፣ ብራድሊና ስታንሊ ፌሪ በሚባሉ ቦታዎች ባሉ ወርክሾፖች ይሠራሉ። የሎኮቹ ልክ ስለሚለያይ እያንዳንዱ በር ለራሱ ሎክ ተለክቶ ይቆረጣል። የአንዱ እንጨት ምላስ በሌላው ጉድጓድ ይገባል፤ ብረት ያስረዋል። በሩ የሚዞርበት ቋሚ እንጨት በግንቡ ጎድጓዳ ድንጋይ ውስጥ ልክክ እንዲል ጀርባው ክብ ሆኖ ይጠረባል። ሁለቱ ተካፋቾች የሚገናኙበት ጠርዝ ደግሞ በትክክለኛው ማዕዘን ካልተላገ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። እንዲህ ተለፍቶበትም ዕድሜው 25 ዓመት ያህል ነው፤ ከዚያ እንደገና ይሠራል።

ለመክፈት በበሩ ፊትና ኋላ የውኃው ከፍታ እኩል መሆን አለበት። አንድ ጣት ያህል ሲቀረው እንኳ ጎረምሳ ቢገፋው ንቅንቅ አይልም። እኩል ሲሆን በሩ ላይ የተጋደመውን ረጅም ግንድ በጀርባ ደገፍ ማለት ይበቃል፤ ቶን የሚመዝነው እንጨት ቀስ ብሎ ይሄዳል።

የቦዩ መሐንዲስ ጆን ሬኒ ነው፤ ቦዩ እ.ኤ.አ. በ1810 ተከፈተ። ከ29ኙ ሎኮች አሥራ ስድስቱ አቀበቱ ላይ ተቀራርበው ስለተደረደሩ በመካከላቸው ውኃ የሚጠራቀምበት ርዝመት አልነበረም። እሱም በሎኮቹ መካከል ያሉትን ኩሬዎች ወደ ጎን አሰፋቸው። ለዓይን ያማሩት እነዚያ ሰፋፊ ኩሬዎች ለጌጥ የተቆፈሩ አይደሉም። በኋላ ባቡር መጥቶ ቦዩን ገደለው፤ ሎኮቹም ፈራረሱ። ብዙ በጎ ፈቃደኞች ለዓመታት ደክመውበት እ.ኤ.አ. በ1990 ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግም ከፈተችው።

ለንደን የምትኖሩ ወገኖች እንዲህ ያለ በር ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ካምደን ገበያ አጠገብ የሃምፕስቴድ ሮድ ሎክ አለ፤ መመልከቻ ክፍያም የለውም። ጀልባ ሲገባ ጠብቁና የሁለቱን ተካፋቾች መጋጠሚያ ልብ ብላችሁ እዩ።