የጣና ዳር ጎርፍና የፎቶግራፍ ምስክርነት

ከእንፍራንዝ በላይ፣ አፄ ሠርፀ ድንግል እንዳሠሩት ከሚነገርለት ከጉዛራ ግንብ ኮረብታ ላይ ሆኖ በነሐሴ ወር ወደ ጣና ዳር የሚመለከት ሰው፣ ሜዳው ውሃ ለብሶ ደመናውን ሲያንጸባርቅ ያያል፤ ነገር ግን ያ ውሃ ገበሬው ለሩዙ ያቆረው በረከት ይሁን፣ ወይም ከደጋ የወረደ ወንዝ ዳርቻውን ጥሶ ያፈሰሰው መቅሠፍት ይሁን፣ ከዚያ ርቀት ዓይን ብቻውን ሊፈርድ አይቻለውም። ካሜራም ከዓይን የበለጠ ዕውቀት የለውም። ስለዚህ የጎርፍን ፎቶግራፍ የሚመረምር ሐያሲ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ይህ ምስክር ምን ያህል አይቶ ይመሰክራል ብሎ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት አገራችን ጠባያቸው የተለያየ ጎርፎችን አየች። በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ነፍስ ሲያጠፋ፣ በጣና ዳር በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደምቢያ ግን ውሃው ከወንዙም ከሐይቁም እየተስፋፋ ገብቶ በእርሻውና በግጦሹ ላይ ተኛ፤ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብም ከቤቱ ተፈናቀለ። ከቅጽበት ሲሳዩን የሚያገኘው የፎቶግራፍ ጥበብ ለፊተኛው ይመቻል፤ ለኋለኛው ግን አይመችም፤ የተኛ ውሃ ጉዳት የሚገለጠው ፎቶግራፍ አንሺው ከሄደ በኋላ፣ ጎተራው ሲጎድልና ለዘር የሚሆን እህል ሲታጣ ነውና።

በጣና ደሴቶችና በዘጌ አድባራት ግድግዳ ላይ የሣሉት አበው፣ ጻድቁን ሁለት ዓይኑ እንዲታይ ፊት ለፊት፣ ኃጥኡን ደግሞ በአንድ ዓይኑ ወደ ጎን አድርገው የመሣል ሥርዓት ነበራቸው፤ ፊቱን ወደ ተመልካቹ የመለሰ ሰው ከተመልካቹ ጋር ይነጋገራልና። ከሰማይ ላይ የሚነሣው የጎርፍ ፎቶግራፍ የውሃውን ስፋት በሚገባ ቢያሳይም፣ ሰውን ጨርሶ ዓይን የለሽ ያደርገዋል። በአንጻሩ ደቡብ አፍሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ጊዴዎን ሜንዴል እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በእንግሊዝ፣ በሕንድ፣ በፓኪስታን፣ በናይጄሪያና በሌሎችም አገሮች እየተዘዋወረ፣ በጎርፍ የተያዙትን ሰዎች በገዛ ቤታቸው ውሃ ውስጥ አቁሞ ፊት ለፊት አንሥቷቸዋል። ሥራው ክብርን መልሷል፤ ሆኖም ባለመድኑን እንግሊዛዊና አንዲት ላሙን ያጣውን ገበሬ በአንድ ዓይነት ጸጥታ ስላቆማቸው፣ በውሃው ፊት የታዩበት እኩልነት ውሃው ከሸሸ በኋላ የሚለያየውን ዕጣቸውን እንዳይሸፍንብን መጠንቀቅ ያሻል።

የኢትዮጵያ ተመልካች የመከራን ምስል በጥርጣሬ ቢያይ አይፈረድበትም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ረሀብ ላይ የሠራው ፊልም በ1967 ዓ.ም. ዋዜማና መባቻ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ሊወርዱ ሲቃረቡ፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ተቀጣጥሎ ሲታይ፣ የረሀብተኛው ፊት ያው ሆኖ ሳለ ትርጓሜው ከጎኑ በተቀመጠው ምስል ተለወጠ። ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2018 ለዋተርኤይድ ድርጅት በዳሎል ባነሣችው የውሃ ሕይወት ተከታታይ ሥራ፣ አካላቸውን ቀለም የተቀቡ ሴቶችን ከእንስራና ከጀሪካን ጋር በነጭና በቀይ ምድር ላይ በማቆም፣ ልመና ከሚመስለው የችግር ሥዕል በብልሃት አምልጣለች። ነገር ግን ምሳሌ ሁሉ ዋጋ አለው፤ የሁሉም የሆነች ሴት የአንድ ቀበሌ ሴት መሆኗ ይቀራል።

የአየር ንብረት ለውጥን በተመለከተ ደግሞ ችግሩ ይጠልቃል። በጣና ዳር ጎርፍ ውስጥ የዝናቡ መክበድ ብቻ የለበትም፤ ከተራቆተው ደጋ ታጥቦ የርብንና የጉማራን ወንዞች ወለል የሞላው ደለል፣ ሐይቁ ሲሞላ ወንዙን ወደ ኋላ የሚገፋው ውሃ፣ በ1988 ዓ.ም. በዓባይ መውጫ ላይ የተሠራው የጨረጨራ ግድብ የለወጠው የሐይቁ ከፍታ፣ የታረሰውም ረግረግ ሁሉ ድርሻ አላቸው። «የአየር ንብረት ለውጥ» የሚል አንድ መግለጫ ተጽፎበት የሚወጣ ፎቶግራፍ እነዚህን ሁሉ በአንድ ቃል ይሰውራቸዋል፤ ተጠያቂውንም ወደ ሰማይ ያሸሸዋል።

መድኃኒቱ በፎቶግራፍ ውስጥ አለ። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በመንገዱ ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ይዘው ተመራማሪው ያን ኒሰንና ባልደረቦቻቸው በዚያው ቦታ ቆመው በድጋሚ ባነሡ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 እንደ ገለጡት፣ ሰሜኑ ምድር ዘወትር እየተራቆተ ብቻ ኖረ የሚለው እምነት ጸንቶ አልቆመም፤ በብዙ ቦታ ዛፉ በዝቶ፣ የአፈር ጥበቃውም ተሻሽሎ ተገኘ። አንድ ምስል የማይችለውን ክርክር ሁለት ምስሎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ፈቱት።

እንግዲህ የጣና ዳርን ጎርፍ መመስከር የሚሻ ባለካሜራ ከአንዱ የርብ ዳርቻ ላይ በሰኔ፣ በነሐሴና በጥቅምት፣ ከዓመት ወደ ዓመት፣ ያንኑ ቤተሰብ ፊት ለፊት ያንሣ፤ ከሥሩም ቀበሌውን፣ ወሩን፣ የወንዙን ስምና የጠፋውን እህል፣ ሩዝ ከበቀለም የተገኘውን ምርት፣ ባለቤቱ ራሱ እንደ ተናገረው ይጻፍ። ይህን ያላሟላ ሥራ ውበት ሊኖረው ይችላል፤ ለማስረጃነት ግን አይበቃም፤ የሚያዝንለት ሰው እንጂ የሚካስለት ወይም የሚጠየቅለት ሰው አያገኝም።